እንደ ጓሳ ሣር የጋራ

ይድረስ ለወንድምዓለም ምንይሉ፣ ጂንካ፤

እንዴት ሰነበትክ? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን አለን። ገብሱ አሽቷል፤ በጎቹም ወልደዋል። በስልክ ስላልተመቸኝ ይህን በሰው ላክሁልህ።

ግንቦት ላይ የቋንቋ አጥኚዎች እዚህ ዘመሮ ድረስ መጥተው የአባባን ጨዋታ ቀድተው ሄዱ። ድምፁን በየዩኒቨርሲቲው ያሉ አጥኚዎች በጋራ ይጠቀሙበታል አሉ። አባባም «እንደ ጓሳ ሣራችን የጋራ ነው በሉኛ። ታዲያ መቼ ይዘጋል፣ መቼ ይከፈታል?» ብለው ጠየቁ። ሁልጊዜ ክፍት ነው ሲሏቸው፣ «ሣሩ እንኳ እንዲያገግም ለዓመታት ይዘጋል፤ ካልተዘጋማ ያልቃል» አሉ። አጥኚዎቹ ሳቁ፤ ድምፅ አያልቅም አሏቸው።

ባለፈው ሳምንት የቀረውን ሊቀዱ ተመልሰው መጡ። አባባ በከዘራቸው ወንበር አሳይተዋቸው ጉሮሯቸውን በእጃቸው ነክተው ተቀመጡ። ለጠየቁት ሁሉ እኔ መለስኩ። መቅረጫውን ሳይከፍቱ ጠላ ቀምሰው ሄዱ። አባባ አሁን የሚወስዱት አጥሚት ነው። ሐኪም ቤትም ደርሰን መጥተናል።

ለዓይነ ሥጋ ያብቃን፤ ቀኑንም አያርቀው። እሁድ ስትደውል ግን አባባን አቅርቢልኝ አትበለኝ። አጥኚዎቹ የቀዱትን ስልኬ ላይ ጭነውልኛል፤ እሱን ከፍቼ አሰማሃለሁ። እሳቸውም አጠገቤ ሆነው ይሰማሉ።

እህትህ ጥሩሸዋ