ስለተበላው ዳቦና ስለተነቀለው ጌሾ

ለክቡር አቶ ኒር፣
የ«ለምለም ወንዝ» በጎ ፈቃደኞች ማኅበር ሰብሳቢ፣
ገዴራ

ቂርያት ማላኪ፣ እስራኤል፣ የካቲት 2007 (እ.ኤ.አ.)

ክቡርነትዎ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ወገብዎስ? አርብ ዕለት ጎንበስ ቀና ሲሉ የዋሉ ሰው ስለሆኑ ሳልጠይቅ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። እኔ ታሪኩ መንገሻ እባላለሁ፤ ያቭነ በሚገኝ ፋብሪካ ሠራተኛ ስሆን፣ ከዚያ በላይ ግን የዘማቾችዎን ሆድ በዳቦ የሞላችው የወይዘሮ ጠጅቱ ልጅ ነኝ። በዛፎች በዓል፣ በቱ ቢሽቫት ዋዜማ፣ ከሕንጻችን ጀርባ ባለው ወንዝ ዳር መጤ አረም ነቅላችሁ የቦታውን ተፈጥሮ ለመመለስ ላደረጋችሁት ዘመቻ ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. ጉሎውን ስለነቀላችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ይህ ሽሙጥ አይደለም። ጉሎው ወንዙን አፍኖት ነበር፤ የእናቴንም ጎመን በጥላው አቀጭጮታል። ሥራችሁን እዚያ ላይ ብታቆሙ ኖሮ ዛሬ የምጽፍልዎ ምርቃት ብቻ በሆነ ነበር።

2. እናቴ ያደገችው ጎንደር ገጠር ነው። በእሷ አገር ብዙ ሰው ዶማ ይዞ በአንድ ሰው ማሳ ዳር ከቆመ ወንፈል ነው፤ ባለማሳው ያበላል፣ ያጠጣል፣ በተራውም ሄዶ የእነሱን ይሠራል። ስለዚህ ጓንት ያጠለቁ ወጣቶችዎ ከጓሮዋ ጫፍ ያለውን ጉሎ መጣል ሲጀምሩ፣ ልጆቿ ሳይነግሯት ወንፈል የጠሩላት መሰላት። ለሰንበት የጋገረችውን ዳቦ እንዳለ አወጣችው። እርስዎም ደግመው ቆርሰው እንደበሉ፣ ደረትዎንም ይዘው እንዳመሰገኗት ነግራኛለች። ሁላችሁንም መርቃ ሻይ ልታፈላ ገባች። ሻዩን ይዛ ስትመለስ ጎመኑ፣ ጤና አዳሙና ጌሾው ከጉሎው ጋር ተከምረው ጠበቋት። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ሰው ወጪት ሰባሪ ይባላል፤ በዕብራይስጥ ምን እንደሚባል እርስዎ ይወቁት።

3. ጌሾ ሱቅ ሞልቷል ይሉኝ ይሆናል። ሞልቷል። ያኛው ግን እናቴ ፍሬውን በመቀነቷ ቋጥራ ከጎንደር ያመጣችው፣ የልጅ ልጇ ማዕያን ስትዳር የሠርጓን ጠላ ልትጠምቅበት ቅጠሉን ሳታስነካ ለዓመታት ያሳደገችው ነው። ሠርጉ በግንቦት፣ ከሻቩዖት በዓል በኋላ ነው። አሁን ስለ ሠርጉ ሲነሳ እናቴ ወሬ ትለውጣለች። ተናድጃለሁ፤ ይህንንም በትሕትና ለመጻፍ ስል ብዙ ወረቀት ቀድጃለሁ።

4. መሬቱ የመንግሥት ነው ብላችኋል፤ እውነት ነው፣ አንከራከርም። መጠየቅ ግን ማንን ገደለ? ዳቦው የወጣበትን በር ታውቁት ነበር። እናቴ ክምሩ ዳር ቆማ ስትቀር፣ ከወጣቶችዎ አንዱ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ «ቤሰደር፣ ሳቭታ፣ ሀኮል ቤሰደር» አላት። ሁሉም ደህና ነው፣ አያቴ፣ ማለቱ ነው። እናቴ ዕብራይስጥ ገና እየተማረች ቢሆንም ይህን ታውቃለች፤ ደህና አለመሆኑንም ታይ ነበር።

5. በማኅበራችሁ በራሪ ወረቀት ላይ እናቴ ዳቦ ይዛ የቆመችበትን ፎቶ «ነዋሪዎች በደስታ ተቀበሉን» ብላችሁ ስላወጣችሁልን እናመሰግናለን። ከኋላዋ ጌሾው ገና እንደቆመ ይታያል። የጌሾው ሌላ ፎቶ ስለሌለን ቆርጠን ግድግዳችን ላይ ለጥፈነዋል።

ወንዛችሁ ይጥራ፣ ዶማችሁ አይዶልዱም፣ የምትበሉትን ዳቦ ጋጋሪዋን የምታስታውሱበትን ልብ አምላክ ይስጣችሁ እያልኩ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የጋጋሪዋ ልጅ፣
ታሪኩ መንገሻ

ማሳሰቢያ፦ እናቴን ወንፈል አልነበረም ብላት አልተቀበለችኝም፤ የሠራልኝ ሰው ብድሩ ሊመለስለት ይገባል ትላለች። ብድር በምድር ነውና በሚመጣው አርብ ጠዋት ጎረቤቶቻችንን ሰብስበን፣ ዶማችንን ይዘን፣ ገዴራ ቤትዎ እንመጣለን። በአጥርዎ በኩል ሳልፍ እንዳየሁት ቡገንቪላውም፣ ጃካራንዳውም፣ በረንዳው ሥር ያለው ቁልቋልም ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው። ዳቦውን እርስዎ ያዘጋጁ፤ «ቤሰደር» የሚለውን እኛ ይዘን እንመጣለን።