በስሜ የተነሱት ሰውዬ

ወንድምዬ፣ ደስ ይበልህ፣ ፈቃዴ ተራዘመ። ዛሬ ያየሁት ነገር ግን ከዓይኔ አልጠፋ ብሎኛል።

ያሳደስኩትን ፓስፖርት ለመኖሪያ ፈቃድ ማራዘሚያ አስገብቼ ስለነበር ልቀበል ኢሚግሬሽን ቢሮ ሄድኩ። አዳራሹ ጢም ብሏል፣ ኮሽ የሚል ነገር ግን የለም። ስሜን ከነአባቴ ሲጠሩ፣ እኔ ሳልነሳ ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ በአማርኛ "አቤት" ብለው ተነሱ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ ፎቶዬን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ ፓስፖርቱን ሰጠቻቸው። እኔም ተነስቼ ቆምኩ። እሳቸው ገልጠው አዩትና ቀስ ብለው ወደ እኔ መጡ።

"ያንተ ነው ልጄ። ሲጠሩ መነሳት ለምዶብኝ ነው።"

"የእርስዎስ ስም ማን ነው፣ አባቴ?"

ፓስፖርቱን እጄ ላይ አኖሩ። "ሲጠሩኝ አውቀዋለሁ" አሉኝና ተመልሰው ተቀመጡ።

እኛ ሰፈር አንዱ ሲጠራ ሦስቱ "አቤት" ይላሉ፣ ስቀን እናልፈዋለን። እዚህ ማንም ቀና ብሎ እንኳ አላየም።

የስልክ ካርዴ ሊያልቅብኝ ነው። እትዬን እጅ ነስቷል በልልኝ፣ ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ስትደውል በሰፈር ስሜ ጥራኝ፤ እሱን እዚህ የሚያውቀው የለም።