ፊት ለፊት ያዞርኩት ወንበር

እታለም፣

ምሳሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ፤ አሙቀሽ ብዪ።

ቴሌቪዥኑን አንስቼ የአባባን ወንበር ካንቺ ወንበር ፊት ለፊት ያዞርኩት እኔና አንቺ እንድናወራ ብዬ ነበር። አባባን ከቀበርን ወዲህ እንደ ባዳ ጀርባ ተሰጣጥተን ነው የምንበላው። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው የሆዱን ያወጣል ብዬ።

አንቺስ አወጣሽ።
ግን ለእኔ አይደለም።

ለእኔ እንደምን አደርሽ እንኳ ነፍገሽ፣ የአባባን ባዶ ወንበር ስታጫውቺ ሰማሁሽ። ሐዘን ነው ብዬ አለፍኩት።

ዛሬ ግን አንቺ ሥራ ከሄድሽ በኋላ የወንበሩን ትራስ ላራግፍ ባነሳው፣ ሰው ገና አሁን የተነሣበት ይመስል ሞቋል።

አክስታችን ጋ ሄጃለሁ። ይቅርታ፣ ወንበሩን መልሼ ለማዞር አልደፈርኩም።

ስትገቢ እዚያ ላይ የተቀመጠ ሰው ካለ፣ እኔ አይደለሁም።