ድንኳን ባሰጣን ሰው ለገደሉልን ዋና አዘጋጅ

ለመላው የአማኑኤል ከተማና አካባቢዋ ሕዝብ፤ የላይ ሰፈር እድር ድንኳን ባለፈው ቅዳሜ ፀሐይ ሲመታው ውሎ በሰላም መድረቁን በጥልቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። በድንኳኑ መድረቅ የሞተ ሰው የለም። ሞተ የተባለውም ይህ ደብዳቤ ሲጻፍ ቆሎ እየበላ ነበር።

ለክቡር አቶ አስማማው
የ«ቀዳሚ ሰበር» የዜና ገጽ ዋና አዘጋጅ
ደብረ ማርቆስ

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ጤናዎ እንደ ተከታዮችዎ ቁጥር ከቀን ወደ ቀን እንዲጨምር እመኛለሁ። በሕይወት መኖርዎን ለማረጋገጥ ገጽዎን ከማየት ይልቅ፣ ማርቆስ የሚውል አንድ ዘመዴን በቢሮዎ በኩል እንዲያልፍ ለምኜው፣ «ኧረ አለ፣ ማኪያቶውን ይጠጣል» ስላለኝ ፈጣሪን አመስግኛለሁ። የማጣራት ድካሙ ይኸው ነበር።

እኔ አንሙት የምባል የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ነኝ። በመጪው እሑድ እድራችን አዲስ ሊቀመንበር ስለሚመርጥ ለወንበሩ እጩ ሆኜ ቀርቤአለሁ፤ ተፎካካሪዬ ጎረቤቴ መምህር አካለ ወልድ ነው። እስከ ቅዳሜ ድረስ ሰዉ ወደ እኔ ያደላ ነበር። ቅዳሜ እርስዎ ገደሉት፤ ከዚያ ወዲህ የሚደርስበት ጠፋ። ስለዚህ ምስጋናዬንና አቤቱታዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ ድንኳኑ። ቀብር ላይ ዝናብ የበላውን ድንኳን እንዳይሻግት ብራ በሆነ ቀን ተክሎ ማስጣት ልማዳችን ነው። የእኔ ግቢ ጠባብ ስለሆነ፣ አስፋልቱ ዳር ሰፊ ግቢ ባለው በአካለ ወልድ ደጅ በገዛ እጄ ተከልኩትና የምጠግንበትን ክር ልገዛ ማርቆስ ሄድኩ። ጥላ ያገኙ ሽማግሌዎችም ገብተው ቁጭ አሉ። በሚኒባስ ያልፍ የነበረው ዘጋቢዎ ድንኳንና ሽማግሌ አየ፤ አጠገቡ የተቀመጠችውን የሰፈራችንን ሴት «የማን ቤት ነው?» አላት፤ «የመምህር አካለ ወልድ» አለችው። «ማን ሞተ?» ለማለት ሌላ ትንፋሽ ያስፈልግ ነበርና ትንፋሹን ቆጠበ። ሚኒባሱ ሳይቆም ፎቶው ተነሣ፤ ዳገቱን ሳይጨርስ ሰው ሞተ። ፍጥነታችሁን አደንቃለሁ፤ ሞት ራሱ እንኳ እኛ ሰፈር ሲመጣ ጥቂት ያስታምማል።

እዚህ ላይ የሚያንገበግበኝ የግቢዬ ጥበት ነው። ትንሽ ሰፋ ብሎ ቢሆን ኖሮ ሟቹ እኔ ነበርኩ።

ሁለተኛ፤ ስለ ውዳሴው። «ትውልድ የቀረጸ፣ የድሆች አባት፣ የአካባቢው የጥበብ ምሰሶ» ብለው ጻፉለት። የማከብርዎ ሆይ፣ አካለ ወልድ ጥቂት ዓመት ስፖርት አስተምሮ የቀረውን ዘመኑን ማረሻ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው፤ ትውልድ አስሮጦ ይሆናል እንጂ አልቀረጸም። ደግነቱንም በተመለከተ፣ ከእኔ የተዋሰው መሰላል እስካሁን እሱ ቤት ቆሞ ይታያል። ይህ ሁሉ እያለ፣ በሕይወቱ ሳለ «እንደምን አደርክ» የማይለው ሰው ሁሉ ከዜናዎ ሥር የሚያለቅስ ፊት ደረደረለት። አሁን ጠዋት ጠዋት ውዳሴውን ለልጅ ልጆቹ ያስነብባል። በመንገድ ሲያልፍ ሴቶቹ «እሰይ፣ ለእኛ ብሎ የተመለሰ!» እያሉ ይነሡለታል። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ሳልሞት በትጋት ስለኖርኩ «ተባረክ» ያለኝ የለም። ዜናውን ማርቆስ ሆኜ ሳነበው በጥርጣሬ እንደ ተመለከትኩት፣ አንዲት እንባ እንኳ ሳላፈስ በእርጋታ ወደ ቤቴ እንደ ተመለስኩ በዚህ አጋጣሚ ለታሪክ አስመዘግባለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ጡሩምባው። በእድራችን ሕግ ሁለት አባላት ቤት ገብተው በዓይናቸው ሳያዩ ጡሩምባ አይነፋም። ጡሩምባ ነፊያችን ምናለ ግን ያን ቀን ስልኩን አይቶ ነፋው። «ቤቱ እዚሁ አፍንጫህ ሥር አይደለም ወይ፣ ምነው ብቅ ብትል?» ስንለው፣ «በቀይ ተሰምሮ፣ ሰበር ተብሎ ተጽፎ እኮ ነው!» ብሎ ተቆጣን። አባቶቻችን ያወጡትን ሕግ በአንድ ቀይ መስመር ስለሻሩልን እናመሰግናለን።

አራተኛው ቀልድ የለውም። የአካለ ወልድ ታላቅ እህት እትዬ ወለተ ኢየሱስ መርጡለ ማርያም ነው የሚኖሩት፤ ስልክ የላቸውም። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው፣ ሽማግሌዎች «ማን አየ? ማን ቀበረ?» ብለው ካጣሩ በኋላ፣ ማልደው ሄደው፣ ሰዉን ከግራ ከቀኝ ይዘው ነው። እሳቸው ግን ገበያ መሐል ከሰው ስልክ ሰሙት። የያዛቸው አልነበረም፤ ወደቁ። ፊታቸውን ቧጠጡ፣ ፀጉራቸውን ተላጩ፣ በማግስቱ እያለቀሱ ሲደርሱ ወንድማቸው በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ደረቱን በሁለት እጃቸው እየዳበሱ «አንተ ነህ? አንተ ነህ?» ይሉ ነበር። ዛሬም ከእንቅልፋቸው ሲነቁ ይጠይቁታል።

እርስዎ ዜናውን ድምፅ ሳያሰሙ ከገጽዎ አነሡት። የእትዬ ወለተ ኢየሱስ ፀጉር ግን ድምፅ ሳያሰማ አልበቀለም። ስለዚህ ሞቱን በጻፉበት ፊደል፣ በዚያው ቀይ መስመር፣ «አልሞተም፤ ሳንጠይቅ ነው የጻፍነው» ብለው እሳቸውን በስማቸው ይቅርታ ይጠይቁልን። ይህ የማይሆንልዎ ከሆነ ግን፣ ከእሑድ በፊት እኔንም በአስቸኳይ ይግደሉኝ። ፎቶዬን አያይዣለሁ፤ «ትውልድ የቀረጸ» የምትለዋን አይርሱብኝ።

ከደጅዎ ጡሩምባን እንዲያርቅልዎ እየጸለይኩ፣ ድንኳን ጠቅልዬ በፊትዎ የምቆም ታዛዥዎ፣

አንሙት ዓባይ
የላይ ሰፈር እድር ዕቃ ጠባቂና የሊቀመንበርነት እጩ
አማኑኤል

በድጋሚ፤ ብራ ከሆነ ነገም ድንኳኑን እናሰጣለን። ዘጋቢዎ ካለፈ «ወራጅ አለ» ይበል፤ ቆሎውም አለ፣ ሟቹም አለ።

ማረሚያ፤ ከላይ በሁለተኛው አቤቱታ «አንዲት እንባ እንኳ ሳላፈስ» ተብሎ የተገለጸው ስህተት ሆኖ ተገኝቷል። ደብዳቤው ከመላኩ በፊት ከባለቤቴ ከወይዘሮ የብርጓል፣ ከጡሩምባ ነፊው ከምናለና ከራሱ ከሟቹ በተደረገ ማጣራት፣ ጸሐፊው ጠዋት በእጁ የተከለውን ድንኳን በፎቶው ላይ እያየ ዜናውን ማመኑ፣ ከመኪና እንደ ወረደም የአካለ ወልድን አጥር ይዞ ድምፁ እስኪዘጋ ማልቀሱ፣ ሲያለቅስ «ወንበሩስ ላንተ ነበር የሚገባው፣ ወንድሜ!» ማለቱ፣ ሟቹም ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ እስኪጨርስ ማዳመጡ ተረጋግጧል። በዚህም መሠረት ከስሜ ሥር «እጩ» የሚለው «መራጭ» ተብሎ ይነበብልኝ።