ዛፉ ላይ አይበስልም

ታዱዬ፣ እንዴት ነሽ አልልሽም። በሕይወት ሳለሽ ስጠይቅሽም እውነቱን አልነገርሽኝም። ከተለየሽን ሁለት ወር ከዐሥር ቀን ሆነ። እስከዛሬ ያልጻፍኩልሽ ተናድጄ ነው። ንዴቱ አሁንም አልለቀቀኝም፤ ግን ነገ ጠዋት የምሄድበት ጉዳይ አለ፣ ሳልነግርሽ መሄድ አልሆነልኝም።

ቤትሽን ልጅሽ ማርታ አከራይታዋለች። ደህና ሰዎች ናቸው፣ ግቢውን ይጠርጋሉ። አጥሩ ሥር ያለው አቮካዶሽ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል፤ ግማሹ እንደ ድሮው ወደ እኔ ግቢ ነው የሚወድቀው። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ገብተን ጎረቤት የሆንን ሰሞን፣ መቼ ይበስል ይሆን እያልኩ ፍሬውን በአውራ ጣቴ ስጫን አይተሽ የሳቅሽብኝ ትዝ ይልሻል? ይሄ ዛፉ ላይ ሆኖ አይበስልም፣ ቆርጠሽ ጤፍ ውስጥ ቅበሪው አልሽኝ። ዛፉ ላይ እያለ ሁልጊዜ አረንጓዴ፣ ሁልጊዜ ደረቅ ነው፤ ብትጫኚው ምንም አይነግርሽም። ለካ ስለራስሽ ኖሯል የነገርሽኝ።

ዐሥራ አምስት ዓመት የሰፈሩን መርዶ ያረዳነው እኔና አንቺ ነን። አንቺ ጴንጤ፣ እኔ ማርያምን ብዬ የምምል፤ ለመርዶ ግን አንድ ነበርን። ዕድርተኛው ጎህ ሲቀድ ሲያንኳኳ ነጠላችንን ጣል አድርገን እንወጣለን። አንቺ ትናገሪያለሽ፣ እኔ ትከሻ እይዛለሁ። ሰው ዱብ ዕዳ መስማት የለበትም ትይ ነበር። መጀመሪያ ታሟል፣ ቀጥሎ ጠንቶበታል፣ እንዲህ እንዲህ እያልሽ ሐዘንተኛው ራሱ እስኪገባው ታደርሺው ነበር።

ያን ዕለትም አንኳኩ። አንቺ የልጅ ልጅሽን ልታሳድጊ አዲስ አበባ ማርታ ጋ የሄድሽ ስለመሰለኝ፣ ዛሬ ብቻዬን ነኝ ማለት ነው እያልኩ ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። የማን ቤት ነው የምንሄደው ብዬ ጠየቅኋቸው። የዕድሩ ዳኛ መሬት መሬት ያያሉ። ከኋላዬ አንድ ሰው መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ። ያኔ ገባኝ፣ ታዱ። ትከሻ ሲያዝ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

ዓመት ሙሉ ታመሽ ነበር አሉኝ። ዕድርተኛው ሁሉ ያውቃል፤ እንዳይነግሩኝ አስምለሻቸዋል። ጨጓራዬ ነው ስትይኝ እኔ ሞኟ አብሽ በጥብጬ አመጣልሻለሁ። እሑድ እሑድ ሐይቁ ዳር ስንሄድ በየአግዳሚው እየተቀመጥሽ ጫማው ጠበበኝ ስትይኝ፣ አንድ ቁጥር የሚበልጥ ገዛሁልሽ። ማርታ ከነካርቶኑ መለሰችልኝ። አንድ ቀን እንኳን አላደረግሽውም። ሰው በጓደኛው እንዲህ ይጫወታል?

ማርታ ምክንያትሽን ነግራኛለች። እሷ ካወቀች ትከሻዬን ትይዘኛለች፣ በሽተኛ ሳልሆን የምገባበት አንድ ቤት ይኑረኝ ብለሻል። ስሰማ አለቀስኩ። ይቅር ግን አላልኩሽም። አንቺ የምትስቂበት ቤት አገኘሽ፣ እኔ ልሰናበትሽ እንኳን አልቻልኩም። ያን ዓመት አብረን የሳቅነውን አሁን አንድ በአንድ እያነሳሁ ይሄኛው የእውነት ነበር ወይስ የውሸት እላለሁ። ከተቆረጥሽ በኋላ ነው ሁሉም የበሰለልኝ፤ ከራስሽ የማይወርደው ሻሽ፣ ሳትነኪው የምትመልሺው ሰሃን።

የነገው ጉዳይ ደግሞ ይሄ ነው። ይርጋለም ያሉት እናትሽ እስካሁን አልተነገራቸውም። ማርታ ጋ ናት፣ ስልኳ ተበላሽቶ ነው እየተባሉ ነው የከረሙት። ወንድምሽ መጥቶ ለመነኝ። መጀመሪያ እምቢ አልኩት፤ የእሷን ሕመም የደበቀኝ ሁሉ ይሂድ ብዬ። ኋላ ግን እሳቸው በራቸው ላይ እንደ እኔ ሲቆሙ ታዩኝና እሺ አልኩ። ትከሻቸውን ወንድምሽ ይይዛል፤ መናገሩ የእኔ ነው። ተናግሬ አላውቅም፣ የማውቀው ሁሉ ካንቺ አፍ የሰማሁትን ነው።

አልረሳሽም ታዱዬ፤ ውሸትሽንም አልረሳውም። ነገ እናትሽ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ እንዳስተማርሽኝ፣ መጀመሪያ ታማለች እላቸዋለሁ። እኔም ካንቺ የፈለግሁት ያቺኑ አንዲት ቃል ነበር።