ደጅ የዋሉ ችግኞች

ሰኞ፣ ጥር 6
ቃሪያው በቀለ። ችግኝ የምናሳድግበትን ላስቲክ ቤት ስከፍት አንገቱን ደፍቶ ብቅ ብቅ ብሏል። ቆሜ ሳየው ወንድሜ ከኋላዬ መጣና፣ ዛሬም እንደ አዲስ ይገርምሻል እንዴ አለኝ። አዎ፣ ይገርመኛል። ምን ያገባዋል?

ሐሙስ ከመሥሪያ ቤት ሰው ይመጣል ተብሏል። መንገድ ዳር ያለነውን ሁሉ በየሥራችን ሊመድቡን ነው። ሻጭ የተባለ ወደ አዲሱ የገበያ ሕንፃ ይገባል፣ አምራች የተባለ ባለበት ይቆያል። እኛማ አምራች ነን፣ ምን ጥያቄ አለው? ሕንፃው ውስጥ ከሻጋታ በቀር ምን ይበቅላል?

ሐሙስ፣ ጥር 9
ጉድ ሆንኩ።

ላስቲክ ስር ያደገ ችግኝ ቅምጥል ነው። ከመሸጡ በፊት ለጥቂት ቀን ደጅ እያወጡ ፀሐይና ንፋስ ያለማምዱታል። ዛሬ ደግሞ የማውጫው ቀን ነበር። ለእንግዳ ብዬ ቀን አላሳልፍም አልኩና ጎመኑንም ቲማቲሙንም ጠዋት መንገዱ ዳር ደረደርኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄ ነው።

ሰውየው ቀጭን ነው፣ ወፍራም መነጽር ያደርጋል። መነጽሩ ብለነዋል። ላስቲክ ቤቱን ከፍቶ አንድ እግሩን ሲያስገባ ሙቀቱ መነጽሩን ጉም አለበሰው። ወዲያው ወጣ። ውስጥ የቀረው ለጋ ቃሪያና ዘግይቶ የተዘራ አንድ ሳጥን ቲማቲም ብቻ... ዕቃው ሁሉ ደጅ ነው፣ ከሌላ ቦታ አምጥታችሁ ትቸረችራላችሁ አለ። አስረዳሁት። ድምፄ ከፍ አለ መሰለኝ፣ ወንድሜ ክንዴን ያዘኝ። ሻጭ ተባልን።

ይባስ ብሎ ሲወጣ ከዚያው ከለጋው ቲማቲም ገዛ። ለግቢው። ተናድጄም ቢሆን፣ “ቀስ በቀስ ፀሐይ ያለማምዷቸው” አልኩት።
“የገበሬ ልጅ ነኝ” አለኝ።
እሺ፣ የገበሬ ልጅ።

ሰኞ፣ ጥር 13
ወንድሜ ሕንፃውን አይቶ መጣ። ጠባብ ነው፣ ግን ጣሪያ አለው ይላል። ጣሪያ! ፀሐይ የማያስገባ ጣሪያ ምን ያደርግልኛል? ላስቲኩን እንሸጠውና እያመጣን እንነግዳለን ይላል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ። የዚህን ቤት ብረት ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ያጎበጠው እሱ ራሱ ነው እኮ። ያን ጊዜ እጁ ሲቆስል እየሳቀ ነበር።

ቃሪያው መሃል ተቀምጬ አለቀስኩ።

ዓርብ፣ ጥር 17
ውኃ አጠጣሁ። ሌላ ምን ላድርግ?

ማክሰኞ፣ ጥር 21
መነጽሩ መጣ! ለሥራ አይደለም፣ ለክስ ነው። የገዛውን ቲማቲም በባልዲ ይዞ። ቅጠሉ ነጥቶ፣ እንደ ወረቀት ደርቆ። የታመመ ሸጣችሁልኝ አለ። መቼ ተከሉት ስለው ያንኑ ዕለት፣ በጠራራ ፀሐይ።

ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት። እጁን ያዝኩት አልልም፣ ግን ልይዘው ምንም አልቀረኝም። ደጅ ከከረሙት ቲማቲሞች ያልተሸጡ ነበሩ፣ እነሱ አጠገብ ወሰድኩት። ግንዳቸው ደንደን ብሏል፣ ፀሐዩ ላይ ቀጥ ብለው ቆመዋል።
“እነዚህስ ከየት ናቸው?” አለኝ።
“እርስዎ ከወሰዱበት ቤት።”
ወደ ባልዲው አየ፣ ወደ መንገዱ ዳር አየ።
“ታዲያ ያን ዕለት ደጅ የነበሩት...”
“ፀሐይ እየለመዱ ነበር።”

ልብ ካላየ ዓይን አያይም። ላስቲክ ቤቱ ገባ። መነጽሩ እንደገና ጉም ለበሰ፣ አሁን ግን አልወጣም። አውልቆ ኪሱ ከተተውና ጎንበስ አለ፣ አፍንጫው ቅጠል እስኪነካ። ቃሪያውን አየ፣ ገና ሁለተኛ ቅጠሉን እያወጣ ነው። ከዘሩ ጀምሮ እዚህ ነው ያደገው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የት ሊያድግ፣ አልኩት። ቃል አልገባልኝም። ቢሆንም ሲወጣ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው፣ ሙቀቱ እንዳይወጣ። ይሄን ማን ነገረው?

ተስፋ አላደርግም... እያደረግኩ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 7
ምደባችን ተቀየረ። “በሽፋን ስር ችግኝ ማልማት።” እንደዚህ ነው ስማችን! ወንድሜ ደብዳቤውን ጮክ ብሎ አነበበልኝ፣ ከዚያ ድምፁ ስለተሰበረ ያሳለው መሰለ። እኔ ግን አወቅሁበት። ሕንፃው ይቅርብን፣ እዚሁ ነን። ማታ ሌላ ብረት የት እንደሚገኝ ሲጠይቅ ሰማሁት፣ ሁለተኛ ቤት ሊያጎብጥ።

ሰኞ፣ የካቲት 18
ቃሪያው ደረሰ። ጠዋት ሳጥኖቹን እያነሳሁ መንገዱ ዳር ደረደርኩ። ወንድሜ፣ አንቺ ልጅ፣ ደግሞ ሰው ቢመጣስ አለኝ። ይምጣ፣ አልኩት። እሱም ሳቀና የመጨረሻውን ሳጥን አነሳልኝ።

ወደ ቀትር መነጽሩ በእግሩ ሲያልፍ አየኝ። አልቆመም። ከአንዱ ሳጥን ጎን ሲደርስ ግን ጥላው እንዳያርፍበት ዞር ብሎ አለፈ።