ጊደር እንደምመርጥ የመረጥኩለት

ልደታ፣ ግንቦት 14 ቀን 1972 ዓ.ም.

ከቀበሌ ስብሰባ ደክሞኝ ስገባ የልጅ ልጄ አልማዝ ከእርሻ ኮሌጅ መጥታ ጠበቀችኝ። የከብት ግዝፈት ከወላጁ ይወረሳል፤ ቶሎ ቶሎ መውለድ ግን ከዘር ይልቅ የመኖና የአያያዝ ነገር ነው አለችኝ።

«ሰንጋ ተራ ከብት ስነግድ የት ነበርሽና ነው?»

«አልተወለድኩማ፣ አባባ። ብኖርማ እነግርዎት ነበር።»

ሳቅሁላት። ስትወጣ ግን ከፋኝ። እናቷ ቶሎ ቶሎ ያልወለደች ጊደር ገዝቼ አላውቅም። በዚሁ ሚዛን ትንሹ ልጄ የወደዳትን ልጅ፣ እናቷ ከእሷ ሌላ አልወለደችም ብዬ እንዳያገባት ከለከልኩት። ይኸው ዓመት ሙሉ ቤቴን አልረገጠም።

ነገ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ልጄ ቤት ድረስ ሄጄ ተሳስቻለሁ እለዋለሁ። ከላም ተማሩ ብሎ ይሳቅብኝ፤ ግድ የለም። ልጅቷ ግን ባለፈው ጥር ተድራለች ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።